ግራጫው ካባ

ሰፈሩ በቅጥነቱ «መርፌው» የሚለው ልብስ ሰፊ፣ ልጁ በትምህርት ቤት ትርኢት የአንድ የድሮ ተረት ፊልም ንግሥት ሆና እንደምትጫወት ሲሰማ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ፊልሙን እናቷ ጥላው ከመሄዷ በፊት፣ ልጅቷን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ስንቴ አይቶታል። የንግሥቲቱን ካባ እጥፋትና ጥልፍ ዓይኑን ጨፍኖ ይስለዋል። ማንም ሳይጠይቀው፣ ልከኛውን ግራጫ ጨርቅ ፍለጋ እግሩ እስኪቀጥን ዞረ፤ የደንበኛ ሥራ እያሳደረ ሰፋው።

ልጅቷ ከእናቷ ቤት ልትጠይቀው ስትመጣ ካባውን አለበሳት። ልክክ አለላት። እሷ ግን ጫፉን ይዛ ትክ ብላ አየችው።

«ምነው፣ ጠበበሽ?»

«አይ አባዬ፣ ቆንጆ ነው። ግን የንግሥቲቱ ካባ ቀይ ነው እኮ።»

«ማን አለሽ? አብረን አላየነውም?»

«ያኔ ያንተ ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ነበር። ቀይ መሆኑን ያወቅኩት እነ እማዬ ቤት ሳየው ነው።» አንገቷን ደፋች። «ደግሞ ጋሼ ቀዩን ገዝቶልኛል።»

ጋሼ የምትለው የእናቷን አዲስ ባል ነው።

መርፌው «ጎሽ» ብቻ ብሎ ሸኛት። ከዚያ ካባውን ተርትሮ፣ ቆራርጦ የኪስ ገበር አደረገው። በዚያ ሰሞን እሱ ዘንድ ሱሪ ያሰፋ ወንድ ሁሉ፣ ሳያውቀው እጁን የንግሥት ካባ ውስጥ ከትቶ ሲንጎራደድ ከረመ።