ያልተንቀሳቀሱት ችካሎች

ኮሮና ጋብ ካለ በኋላ ጅግጅጋ ውስጥ ስምንተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምር ነበር። ልጅ በዓይኑ ያላየውን አይማርም የሚል አመል ስላለብኝ፣ የአፈር መሸርሸርን ላሳያቸው ተማሪዎቼን ከተማው ዳር ወዳለው ደረቅ ወንዝ ወሰድኳቸው። ወንዙ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ውሃ የሚያየው ካራማራ ተራራ ላይ ሲዘንብ ነው። በሚታጠፍበት በኩል፣ ጎርፉ ገፍቶ በሚመታው ዳር፣ ከአፋፉ ሁለት ሜትር ርቀን አምስት ችካል ተከልን።

ቤታቸው እዚያው መታጠፊያ ላይ የሆነ አንዲት ዝምተኛ ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝ። በየሳምንቱ ከችካሎቹ እስከ አፋፉ እንድትለካ ሜትር ሰጠኋት። ጎርፉ ሦስት ጊዜ መጣ። ሦስቴም «ሁለት ሜትር» ብላ ጻፈች። እኔ ሞኙ «የዚህ አገር አፈር ኩሩ ነው» እያልኩ መምህራን ክፍል ውስጥ ቀለድኩበት። እናቷም ገበያ አግኝተውኝ፣ መምህር በሚለው የሶማሊኛ ቃል ጠርተው፣ «መዓሊን፣ ችካልህ እንደቆመ ነው፣ አልሐምዱሊላህ፤ እኛም አንሰጋም» ሲሉኝ ደረቴን ነፋሁ።

ለክልሉ ፈተና አንድ ወር ሲቀረን የፊዚክስ ክለሳ ጀመርን። «እንቅስቃሴ የሚታወቀው ከማይንቀሳቀስ ነገር ጋር ሲነጻጸር ነው» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ወደ ባቢሌ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ጎኑ ያለውን ተሳፋሪ ቢያይ የቆመ ይመስለዋል፤ መሄዱን የሚያውቀው መንገድ ዳር ያለውን ግራር ሲያይ ነው አልኩ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ሌሎቹ ሲወጡ እሷ ቀረች።

«ቲቸር፣ ከጎርፉ በኋላ ችካሎቹን እየነቀልኩ ወደ ኋላ የምተክላቸው እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«እናቴ የምታምነው ችካሎቹን ነው፤ ወንዙ እንደቀረበን ካወቀች፣ ሽንሌ ድረስ አክስቴ ጋ ይዛን ትሄዳለች። ፈተናው ያመልጠኛል።»

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ ቁጣው ግን ወደ ራሴ ዞረ። የሚነቀል ችካል ይዤ ወንዝ ስለካ ነበር የከረምኩት። ከቤታቸው ግድግዳ ብለካ ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት አውቅ ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እኔን በገዛ ችካሌ አሳሳቀኝ።

ያኔውኑ አብረን ሄድን። እሷና ታናናሾቿ ከሚተኙበት ክፍል ግድግዳ እስከ አፋፉ አራት እርምጃ ነበር። ችካሎቹን ስንተክል አሥራ አንድ እንደነበር ነገረችኝ።

እናቷ ጋ ገብቼ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ከልጅቷ ጥፋት የኔን አስቀደምኩ። «ትንንሾቹን ዛሬውኑ ይውሰዷቸው። እሷን እስከ ፈተናው እኛ ቤት ይተዉልን፤ ባለቤቴ እንደ ልጇ ትይዛታለች» አልኳቸው። ሴትየዋ ልጃቸውን አዩዋት። ከዚያ ተነስተው ፍራሾቹን መጠቅለል ጀመሩ።

ፈተናው ባለቀ ማግስት ሜትሩን ይዘን ተመለስን። በመካከሉ አንድ ትልቅ ጎርፍ መጥቶ ነበር። ክፍሉ የለም፤ የበሩ መቃን ብቻ ገደሉ አፍ ላይ ቆሟል። ልጅቷ ደብተሬን ተቀብላ «ከግድግዳው እስከ ወንዙ፦ ዜሮ» ብላ ጻፈች። ቀጥላ ሦስቱ ታናናሾቿ በየት በኩል ይተኙ እንደነበር በጣቷ አሳየችኝ። ጣቷ የሚያሳየው ባዶ አየር ነበር። ሁለታችንም አለቀስን።