የእታለም ቆዳ በሁዳዴ

ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ቡሬ ጤና ጣቢያ ግቢ ዛፍ ሥር ቆሜ ወረቀት ሳነብ ነው ጉዱ የመጣው...

መቼም ታውቁኛላችሁ፤ የማታ ትምህርቱን ከጨረስኩ ወዲህ ጽሑፍ ካየሁ አላልፍም። የሳሙና መጠቅለያም ቢሆን አነባለሁ። ከክፍላችን አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛ የወጡት ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ መነጽር የሌላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ እሱን ግን ማንሳት አያስፈልግም።

የሄድኩት ታላቅ እህቴን ይዤ ነው። እታለም ነው የምላት። እግሯ ካበጠ አሥራ ምናምን ዓመት ሆኗታል። የእኛ አገር አፈር በባዶ እግር ለሚሄድ ሰው የሚያመጣው ያ እብጠት ነው። «የዘር ነው» እያሉ አጠገቧ መቀመጥ የሚሸሹ አሉ። እኔ ግን ስንት ዘመን ባዶ እግሬን ሳርስ ኖሬ ምንም አልነካኝም። ይህን ሳልናገር የዋልኩበት ቀን የለም።

ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው ልጅ እግር ዶክተር የፈለገችውም ይኸንኑ ነው።

«እናታችሁ አንድ፣ አባታችሁ አንድ፣ የረገጣችሁት አፈር አንድ» አለችን። ወደ እታለም ዞራ «እርስዎን አሳበጠዎት፣ ወንድምዎን ግን ተወው። ምክንያቱን ከዘረ-መላችሁ ልናነብ ነው። ከሁለታችሁም የምስር ፍሬ የምታህል ቆዳ ወስደን ላቦራቶሪ ውስጥ እናሳድጋለን። ስትበዛ አቅም ለሌላቸው ተመራማሪዎች እናካፍላለን። ከውጭ የሚገዛው በጣም ውድ ነው» አለች።

«እንደ እርሾ ነዋ» አልኳት። «እርሾ የለመነ ጎረቤት አይከለከልም።»

ሳቀችና ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሳይንስ ውስጥ ድርሻ አለኝ።

ነርሷ የፈቃድ ወረቀቱን ልታነብልን ስትል ነጠቅኳትና ጮክ ብዬ ጀመርኩ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። «ናሙናው... በሚስማማው... ምግብ... ውስጥ... ያድጋል» ላይ ስደርስ ቆምኩ። መቆም አልነበረብኝም።

«ምንድነው የሚበላው?» አልኩ፤ እንደ ተማረ ሰው ለመታየት።

ዶክተሯ መዋሸት አታውቅም። «ጨውና ስኳር ያለበት ውሃ ነው። ከጥጃ ደም የሚወጣ ፈሳሽም እንጨምርበታለን» አለች።

ግቢው ጸጥ አለ። አንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ «አስተያየት ያለው» ሲባል እንኳ እንዲህ ያለ ጸጥታ አልሰማሁም።

እታለም እግሯን ወደ ቀሚሷ ሰበሰበች። «በሁዳዴ?»

«እታለም፣ እሱ እኮ አንቺ አይደለሽም...»

«የማን ሥጋ ነው ታዲያ? በዚህ እግር ምክንያት እርግማን አለባት ሲሉኝ ኖረዋል። አሁን ደግሞ ሥጋዋ ሁዳዴን በደም ገደፈ ይበሉኝ?»

ዶክተሯ ደነገጠች። ደም የሌለበት ምግብ እንዳለ ነገረችን፤ ግን ዋጋው የሚቀመስ አይደለም፣ በእሱ ካሳደጉት ለሌላው ማካፈሉ ይቀራል። «ግዴለም፣ አላስገድድዎትም» ብላ ወረቀቱን አጠፈችው። ከዚያ ቁጭ ብላ የእታለምን እግር በገዛ እጇ አጠበች፣ አጣጠቡን አሳየቻት፣ ሳሙናና ቅባት ሰጠቻት። «ይህ ፈቀዱም አልፈቀዱም የእርስዎ ነው» አለቻት።

ወደ ቤት ተመለስን። በር ላይ ስንደርስ ነው እታለም «እግሬን የነካችልኝን ልጅ ባዶ እጇን ሰደድኳት» ያለችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

እንግዲህ ነገሩን ያበላሸው የእኔ አፍ ነውና ማቃናቱም የእኔ ነው። በማግሥቱ ይዣት ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩና ሁሉንም አጫወትኳቸው። አባ ጭራቸውን እያወዛወዙ ሰሙኝ።

«ሕመምተኛ በጾም ይገደዳል?» አሉኝ።

«አይገደድም፣ አባ።»

«ከእግሯ የሚቆረጠው ደህናው ነው የታመመው?»

«የታመመው ነው።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቃችኋል? ሕመምተኛው ይብላ፣ እግዜር ይማረው። ስጪ ልጄ፣ ለሰው ይተርፋል።»

እታለም መስቀል ተሳለመች። እኔም ተደስቼ ልወጣ ስል አባ ጠሩኝ።

«ና እስቲ አንተ። ያንተስ ቆዳ?»

«የእኔማ ጤነኛ ነው፣ አባ። ስንት ዘመን ባዶ እግሬን...»

«ጤነኛ ነው?»

«እንደ ብረት።»

«እንግዲያው ይጹም።»

ወደ ቡሬ ተመልሰን ይህን ለዶክተሯ ስነግራት ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ሳቋ ሲበርድላት መላ አገኘች። የእታለም ቆዳ ወዲያው ምግቡ ውስጥ ይገባል፤ የእኔ ግን እጅግ በሚቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል። «እስከ ፋሲካ ምንም አይቀምስም፤ አይሞትምም» አለችኝ።

እኔ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ሽሮዬን ስበላ፣ ቆዳዬ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ሁዳዴን ጨረሰ። በዘራችን እንደሱ የጾመ የለም።

ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ዶክተሯ ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጌ ለእታለም አሰማኋት። ሁለቱም ቆዳዎች አድገዋል። ሌላ ከተማ ያሉ፣ መግዣ የቸገራቸው ተመራማሪዎች ከእታለም ቆዳ ተካፍለው ወስደዋል።

እታለም ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። «ደህና ናት?» ብላ ጠየቀች። ቆዳዋን ነው።

«ደህና ናት። በርትታለች።»

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ሌላም ሰው ከጠየቀ ስጡልኝ፣ አትሰስቱባት።»

ሳሙናውና ቅባቱ ሠርቶላት እብጠቱ ጎድሏል፤ ባለፈው እሑድ ጫማ አድርጋ ቤተ ክርስቲያን ሳመች። ለዚያች ዶክተርም፣ ለአባም ምስጋናዬን በአፌ ብቻ እንዳይቀር ይኸው በገዛ እጄ ጻፍኩት።

የእኔን የብረት ቆዳ ግን... እስካሁን አካፍሉን ያለ የለም።