በግራ ዓይኔ ያነበብኩት ወረቀት

ሰቆጣ ላይ ሲይዙኝ ቀትር ነበር። ከመምህራን ማረፊያ ክፍል አውጥተው ክፍት ፒካፕ ላይ ጫኑኝ። ጥፋቴ በስብሰባ ላይ የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ነው። መንገዱ አቧራ ስለነበር ቀኝ ዓይኔን በእጄ አሸሁት። ማሸት እንደተከለከልኩ አውቃለሁ፤ ግን እጅ መቼ ምክር ይሰማል።

ጣቢያ ስንደርስ መርማሪው ሁለት ሰዓት ያህል ጠየቀኝና «ቃልህ ተጽፎ ነገ ጠዋት ትፈርማለህ» አለኝ። የፈራሁት ያኔ ነው። የዓይኔ ብሌን ፊቱ ሾጠጥ ብሎ የወጣ ስለሆነ መነጽር አይረዳኝም፤ የማነበው በኮንታክት ሌንስ ብቻ ነው። ያለ እሱ አንዱ ፊደል ሦስት ሆኖ ይደራረብብኛል። ሌንሱ ደግሞ ከመተኛቴ በፊት ወጥቶ በራሱ ፈሳሽ መታጠብና መዘፍዘፍ አለበት። ፈሳሹ ከቦርሳዬ ጋር ተወስዷል። ሌንሱን እንዳደረግኩ ባድር ዓይኔን፣ አውጥቼ ብጥለው የምፈርመውን ወረቀት ላጣ ነው።

የታሰርኩባት ክፍል ውስጥ ስምንት ሰዎች ነበሩ። ቦታ የለቀቁልኝ ከደሃና ወረዳ የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ንብ አናቢ። ለምን እንደታሰሩ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም። እሳቸው ግን መጠየቅ አይሰለቻቸውም።

«መምህር፣ ዓይንህ ምን ሆኖ ነው የቀላው?»

ሌንስ የሚባል ነገር እንዳለበት ነገርኳቸው።

«ከላይ ነው ከውስጥ?»

«ከላይ ነው አባቴ። እንባው ላይ ነው የሚቀመጥ።»

«አምልጦ ወደ ጭንቅላትህ ቢገባሳ?»

«መንገድ የለውም፤ ከኋላ ዝግ ነው።»

ሰው ሁሉ ተጠጋ። አንዱ ትንፋሹ ፊቴን እስኪነካኝ ጎንበስ ብሎ ዓይኔን መረመረ። አንድ የዝቋላ ወረዳ ፍየል ነጋዴ ከቤቱ የመጣለትን ጸበል በሃይላንድ ይዞ «በዚህ እጠበው እንግዲያ። ከጸበል የነጻ ምን አለ?» አለኝ።

ተቸገርኩ። ውሃ የተባለ ሁሉ፣ የቧንቧውም የምንጩም፣ ለዓይን የማይታይ ተባይ ሊኖርበት እንደሚችል፣ ሌንሱ ሥር ከተደበቀ ብርሃን እንደሚያጠፋ አስረዳሁ። ሰውየው ፊቱን አጠቆረ። ጸበሉን የናቅኩበት መስሎታል።

ሽማግሌው ገላገሉኝ። «ጸበሉ ለክርስቲያን ነው። ፕላስቲክ መቼ ክርስትና ተነሳ?»

ባለጸበሉ ሳይወድ ሳቀና ግንባሬን ረጨኝ።

ሽሮው ሲቀርብ እጄን ሰበሰብኩ። በርበሬ የነካ ጣት በሳሙና ታጥቦም ያቃጥላል፤ አንድ ጊዜ ቤቴ ውስጥ ዶሮ ወጥ በልቼ ሌንሴን ሳወጣ እየጮህኩ ጓሮ ለጓሮ ሮጬ ጎረቤት አስቂያለሁ። ይህንን ስነግራቸው ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔም ማር ልቆርጥ ስሄድ ሽንኩርት አልነካም። ንብ እጅ ታሸታለች። በል አፍህን ክፈት።»

አጎረሱኝ። «አንድ ያጣላል» ብለው ደገሙኝ። ከዚያ ፍየል ነጋዴው ቀጠለ። እናቴ እንኳ እንዲህ አጉርሳኝ አታውቅም፤ አፍሬም ደስ ብሎኝም በላሁ።

ሊመሽ ሲል ሽማግሌው በሩን መቱና ጠባቂውን ጠሩት።

«ምን ፈለጉ አባት?»

«የመምህሩን ጠርሙስ ከቦርሳው አምጣለት። ለዓይኑ ነው።»

«መርዝ ቢሆንስ? ቢጠጣው ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

«አንተ ያዘው፣ አንተው አፍስስልኝ» አልኩት።

አሰበ። ሄዶ ጠርሙሱንና ትንሿን የሌንስ ማስቀመጫ ይዞ መጣ፤ እኔ እንጃ፣ ከኃላፊነቱ የማየት ጉጉቱ ሳይበልጥበት አልቀረም። እጄን በሳሙና ታጥቤ ጠብ የሚል ውሃ እስኪጠፋ በአየር አደረቅኩት። የዓይኔን ጠርዝ ሳብ አድርጌ ዓይኔን ስከድን ሌንሷ መዳፌ ላይ ወደቀች። «ኧረ በስመአብ!» አለ ጠባቂው። ሌላዋንም አወጣሁ። እሱ እያፈሰሰ እኔ ሁለቱንም አሸሁ፤ ማስቀመጫውን ሞልቶ ክዳኑን ራሱ አጠበቀ።

ጠዋት ቀኝ ዓይኔ ደም መስሎ ነበር። በቀላ ዓይን ላይ ሌንስ አይደረግም። ግራዋን ብቻ አድርጌ ተጠራሁ።

«ፈርም» አለ መርማሪው።

ቀኝ ዓይኔን በመዳፌ ሸፍኜ ማንበብ ጀመርኩ። በእስክሪብቶው ጠረጴዛውን ይመታ ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ጥያቄውን እንድጠይቅ የላከኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንደሆነ ተናግሬያለሁ ይላል። ስሙ ከነአባቱ ተጽፏል። ይህን ሰው በአፌም አላነሳሁትም።

«ይሰረዝ።»

«አይሰረዝም።»

እስክሪብቶውን ጠየቅኩት። ከዓረፍተ ነገሩ ጎን «ይህን እኔ አላልኩም» ብዬ ጻፍኩና እዚያው ሥር ፈረምኩ። መርማሪው ወረቀቱን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ፋይሉን ዘጋ። ከዚያ በኋላ ሌላ ወር ታስሬ ተቀምጫለሁ።

ዓይኔ ድኗል። ባልደረባዬ አልተያዘም፤ ዛሬም ከእኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል ያስተምራል። ስለዚያ ወረቀት እስካሁን አልነገርኩትም። ሰውየው ሲያስተምር ይጮኻል፤ ተማሪዎቼ የእኔን ትተው የእሱን ትምህርት ይሰማሉ። ባለፈው አንዷ «ዝም እንዲሉ ይንገሯቸው እንጂ መምህር» አለችኝ። ጠመኔዬን አስቀምጬ ትንሽ አዳመጥኩት። «ተዪው፣ ያስተምር» አልኳት።