ላልቶ የተነበበ መጽሐፍ

ኅዳር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት የዓመት ፈቃዴን ጠይቄ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር ተነሣሁ። የሄድኩት ታላቅ ወንድሜን፣ ጋሼን፣ ለምኜ እኔ ዘንድ ለማምጣት ነው። ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን አማርኛ ያስተማሩ፣ እኔንም ፊደል ያስቆጠሩ ሰው ናቸው። ግላኮማ ሁለቱንም ዓይናቸውን ከወሰደ ወዲህ ማንበብ ቀረ፤ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ደግሞ ቤቱ ጭር አለ። እኔም ባሌን ከቀበርኩ ዓመታት አልፈዋል። ሁለት ብቸኛ ሰዎች በሁለት ከተማ ሁለት ድስት የምንጥድበት ምክንያት አይታየኝም።

ማባበያዬ መጽሐፍ ነበር፤ የሚነበብ ሳይሆን የሚሰማ። ባሌ ከሞተ ጀምሮ የትረካ ሱሰኛ ሆኛለሁ። ሽንኩርት ስከትፍ፣ ልብስ ሳጥብ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አንድ ሰው ጆሮዬ ሥር ያነብልኛል። ደጉንም ክፉውንም ስለሰማሁ አስተያየት አላጣም። ለጋሼ ሚሞሪ ካርድ የሚጎርስ ትንሽ ሬዲዮ ገዛሁ፤ መጻሕፍቱ የተጫኑበትን ካርድ ግን እስክደርስ ድረስ ስልኬ ውስጥ አደረግኩት። ከሁሉ አብልጬ የምወዳትን አንዲት ልቦለድ በወረቀትም ገዝቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ።

ከባሕር ዳር እስከ ሐሙሲት

ሚኒባሱ እስኪሞላ መናኸሪያው ውስጥ ብዙ ቆየን። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ሦስት ሰው ጨመረ። የዓባይን ድልድይ ስንሻገር ስለ ስኬት የተጻፈ መጽሐፍ ከፈትኩ። ደራሲው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት የማይነሣ ሰው ድሃ ሆኖ ይኖራል ይላል። መንገዱ ዳር ወደ ገበያ የሚወርዱት ገበሬዎች ሁሉ አሥር ሰዓት የተነሡ ናቸው፤ አንዳቸውም በመኪና አልሄዱም። ተራኪው ደግሞ ከኋላው ኦርጋን ያስመታል። ምክሩ ሲከብድ ኦርጋኑ ይጮኻል፣ ኦርጋኑ ሲጮኽ ምክሩ አይሰማም። ሐሙሲት ሳንደርስ ዘጋሁት።

ሐሙሲት የገበያ ቀን ነበር። እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች ወንበር ሥር ገቡ፣ የሽንኩርት ጆንያ ጣራ ላይ ወጣ። አንድ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ከጎኔ ተቀመጡ።

ከሐሙሲት እስከ ወረታ

ከሐሙሲት ወዲያ ሜዳው የሩዝ ነው። አንዳንዱ ታጭዶ ተከምሯል፣ አንዳንዱ ገና ቆሟል። ሽማግሌው ግን የሚያዩት ሜዳውን ሳይሆን ጆሮዬን ነበር።

«ሬዲዮ ነው ልጄ?»

«አይ አባባ፣ መጽሐፍ ነው።»

«መጽሐፍ ደግሞ እንዲህ ይሰማል?»

«ሰው ሲያነበው ተቀድቶ ነው።»

«እህ! ታዲያ ምኑ አዲስ ነው? እኛ ዳዊቱንስ ወንጌሉንስ መች በዓይናችን አየነው? ሰምተን አይደል ያደግነው።»

አንዱን ማዳመጫ አውልቄ ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸው። በዚያ ሰዓት የምሰማው አንድ ሀብታም ነጋዴ በቤቱ ሞቶ የሚገኝበትን የወንጀል ልቦለድ ነው። ታሪኩ ልብ ይሰቅላል። ብቻ ተራኪው የሴት ንግግር ሲያነብ ድምፁን ስለሚያቀጥን የሟች ሚስት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጉንፋን የያዛት ትመስላለች። ሽማግሌውን ይህ አላስጨነቃቸውም። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አገጫቸውን በዱላቸው ላይ አስደግፈው ሰሙ።

«የገደለው ወንድሙ ነው» አሉኝ ትንሽ ቆይተው። «የመሬት ነገር አለበት።»

«ቆይ ይስሙ እስኪ።»

ወረታ ደረስን። ማዳመጫውን አውልቀው መርቀውኝ ወረዱ። መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር ግን ተመልሰው መስኮቱን በዱላቸው ቆረቆሩ። «አንች ልጅ! ኧረ ማን ገደለው?»

መስኮቱን ከፍቼ «ሐኪሙ ነው አባባ!» ብዬ ጮኽኩ።

ረዳቱ አኩርፎ ዞረ። «እትዬ፣ እኔ እሱን መጽሐፍ የጀመርኩት ትናንት ነው።»

መኪናው ሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ሳቁ ሲያልቅ ከጎኔ ያለው ቦታ ባዶ እንደሆነ አየሁ። ሽማግሌው ያወለቁትን ማዳመጫ ወደ ጆሮዬ መለስኩት። ከሰው ጋር መጽሐፍ ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ዳገቱ

ከወረታ ወደ ምሥራቅ ታጥፈን ሽቅብ ጀመርን። አለምበር ላይ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ በመስኮት ገዛሁ። ዋጋው አምና ከበላሁበት እጥፍ ሆኗል፤ ድንቹ ያው ድንች ነው። ከዚያ ወዲያ አየሩ ቀዘቀዘ፣ ጤፉ ቢጫ ሆነ፣ ሰዉ ሁሉ ጋቢውን ወደ አንገቱ ሳበ። የአለም ሳጋን ጫካ ስናልፍ የምወዳትን መጽሐፍ ከፈትኩ።

የምታነባት ሴት ናት። አትቸኩልም፣ ድምጿን አታቀጥንም፣ ኦርጋንም የላትም። ታሪኩ መንገድ ዳር ስለምትኖር አንዲት እናት ነው። ልጇ በረሃ አቋርጦ ሄዶ ወሬው ጠፍቷል። አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ብቅ ትላለች። መጨረሻው ላይ ጎረቤቷ «መቼ ነው የሚመጣው?» ብላ ትጠይቃታለች፤ እሷም «ገና ነው» ትላለች። በዚያው ያልቃል። ተራኪዋ ቃሉን አላልታ ታነበዋለች፤ ጊዜው አልደረሰም፣ ጠብቂ እንደማለት። ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። በሰማሁት ቁጥር እናትየዋ እኔው ነኝ።

ጋሼ ቤት

ደብረ ታቦር ከመናኸሪያው ባጃጅ ያዝኩ። ጋሼ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ኮፍያቸው እስከ ቅንድባቸው ወርዷል።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«አንች! ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ብነግርዎትማ አትምጭ ይሉኝ ነበር።»

ሳቁ፤ አላስተባበሉም። ጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየው ማርቆስ የሚባል ከወላይታ የመጣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ወጥቶ ሻንጣዬን ተቀበለኝ። ስልክም መልእክትም የሚያደርስላቸው እሱ ነው።

ሬዲዮውን ከፈትኩላቸው። የስኬቱን መጽሐፍ ጥቂት ሰሙና «ይህ ሰው ሀብታም የሆነው ይህን መጽሐፍ ሸጦ ነው፤ ዝጊልኝ» አሉ። የነጋዴው ግድያ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። የእናትየዋን ግን ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ወንበራቸውን ወደ ሬዲዮው አስጠግተው ሰሙ። እኔም ከጎናቸው ተቀምጬ የእሳቸውን ፊት አያለሁ። ልክ ሲያልቅ ለማልቀስ ተዘጋጅቼ ነበር።

«መልሽው» አሉ።

መለስኩት።

«ደግመሽ መልሽው። ማን ናት ይህን አላልታ ያነበበችው?»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ይጠብቃል እንጂ! ገና፣ በዓሉ! ልጇ ለገና ነው የሚመጣው። ባለፈው ምዕራፍ ምን ስታደርግ ነበር? ጌሾ ስትወቅጥ፣ ብቅል ስታሰጣ አልነበረም? ለማይመጣ ሰው ጠላ ይጠመቃል?»

ተናደድኩ። ስንት ሌሊት ያለቀስኩበትን መጨረሻ በአንድ ቃል ሊወስዱብኝ ነው። «ብቻዋን ስለሆነች ነው የምትጠምቀው» አልኩ። «የሚመጣ ስላለ አይደለም።»

ጋሼ ሬዲዮውን ዳብሰው ዘጉት። ከቦርሳዬ የወረቀቱን መጽሐፍ አውጥቼ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ። ሁለት ቃል፣ አንድ አራት ነጥብ። መጥበቅ መላላቱን የሚያሳይ አንድም ምልክት የለም።

«ምን ይላል?» አሉ።

«ምንም አይልም ጋሼ። ‹ገና ነው› ነው የሚለው።»

«አዎ» አሉ ቀስ ብለው፣ ልክ ክፍል ውስጥ እንደቆሙ። «ፊደላችን እዚህ ላይ ለአንባቢው ትቶታል። እስኪ አንች አንብቢልኝ።»

የመጨረሻውን ምዕራፍ ድምፅ አውጥቼ አነበብኩላቸው። ለዓመታት ሲነበብልኝ እንጂ ሳነብ አልኖርኩምና ጉሮሮዬ ቶሎ ደረቀ፣ መሥመር ሳትኩ፣ ተመለስኩ። ጋሼ አላረሙኝም። መጨረሻው ጋ ስደርስ ቆምኩ። ላጠብቀው ፈለግኩ፣ አፌ ግን እምቢ አለ። እንደለመድኩት አላላሁት።

«ይሁን» አሉ ጋሼ።

ከዚያ በኋላ ነው የመጣሁበትን የተናገርኩት። ባሕር ዳር ይምጡ፣ አብረን እንኑር አልኳቸው።

«ካረጁ አይበጁ። እዚያ መጥቼ ምን ልሠራልሽ?»

«ምንም። ሳነብ ይሰሙኛል።»

እጃቸውን ዘርግተው ራሴን ዳበሱኝ። «እስኪ ላስብበት» አሉ፤ ከዚህ ሌላ ቃል አላገኘሁም።

መልስ

ሬዲዮውን ከነካርዱ ትቼላቸው ወረድኩ። እስከ ባሕር ዳር ጆሮዬ ባዶ ነበር። በባዶ ጆሮ ሲሄዱ መንገዱ ይረዝማል። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ስለ አንድ ሰርግ ያወራሉ፣ ሾፌሩ ከረዳቱ ጋር ይጣላል፣ አንድ ሕፃን ያለቅሳል። ማንም ለእኔ አያነብልኝም። ሽማግሌው የወረዱበት ቦታ ስንደርስ በመስኮት ፈለግኳቸው፤ እንደማላገኛቸው እያወቅኩ።

ቤቴ ገብቼ መብራት አበራሁ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ነገር ቢኖር ብዙም የሚያስደስት አልነበረም፤ ለካ እነዚያን ሁሉ ዓመታት መጽሐፍ ስሰማ፣ የተነበበልኝን ይዤ ቁጭ ብያለሁ እንጂ አንድም ቀን ራሴ አላነበብኩም። ተራኪዋ አላላችው፣ እኔም ላላሁ።

ኅዳር አለቀ፤ ከጋሼ ወሬ የለም። ታኅሣሥ እንደገባ አላስችል ብሎኝ ለማርቆስ መልእክት ጻፍኩለት፦ «ጋሼን ጠይቅልኝ፤ መቼ ነው የሚመጡት?» ማምሻውን መለሰልኝ፦ «‹ገና ነው በላት› ብለዋል።»

ስልኩን እንደያዝኩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ብደውልና ድምፃቸውን ብሰማ ወዲያው ይለይልኝ ነበር። ማርቆስ የሰማውን ጽፏል፤ ፊደሉ ግን ያው ፊደል ነው። ምናልባት እየሳቁብኝ ይሆናል፣ ምናልባትም እምቢ ማለት ከብዷቸው ይሆናል። ድምፅ አውጥቼ እንደ ተራኪዋ አላልቼ አነበብኩት። ቤቱ ከበፊቱ ይልቅ ባዶ ሆነብኝ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፤ አልደወልኩም።

በማግሥቱ ገበያ ወርጄ ጌሾና ብቅል ገዛሁ። ሻጯ እየሰፈረችልኝ ቀና ብላ አየችኝ።

«ድግሱ መቼ ነው እትዬ?»

«ገና ነው» አልኳት፤ አጥብቄ።