ለኒሻን የተፈለገችው እናቴ

ልጅ እያለሁ አማርኛ የትምህርት ቤት ቋንቋ ነበር፤ ቤት የምናወራው በሀዲይኛ ነው። ስለዚህ ግማሹን ቃል የማውቀው ከጨዋታ ነበር። «ኒሻን» ማለትም ለእኔ ታላቅ ወንድሜ አጥር ላይ ሰክቶ በወንጭፍ የሚመታት የቲማቲም ጣሳ ነበረች።

እናቴ ሆመቾ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች፤ ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ይላታል። በጦርነቱ ጊዜ ቁስለኛ ልታክም ዘምታ አንድ ዓመት ሙሉ አክስቴ ጋር ቆየን። ስትመለስ እጇ አልኮል አልኮል ይሸታል። እኔም እንዳትጠፋብኝ ቀሚሷን ይዤ ሽንት ቤት ድረስ እከተላት ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የቀበሌው ተላላኪ አስቆመኝና ፖስታ ሰጠኝ። «ለሲስተር ስጪ። ሐሙስ ሆሳዕና ከተማ ለኒሻን ትፈለጋለች በያት» አለኝ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የሚለውን ረስቶ መሆን አለበት። ለእኔ የታየችኝ ያቺ የተጨረማመተች ጣሳ ናት። እናቴንማ አልሰጥም ብዬ ፖስታውን ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ቀበርኩት።

ዓርብ ጠዋት ለጦር ግንባር ስንቅ ያመላልስ የነበረው ሾፌሩ ጎረቤታችን፣ ጋሽ ኤርጫፎ፣ ደረቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር አንጠልጥሎ ታየ። ሰዉ «ኒሻን ተሸለመ» ይላል። እናቴ እንኳን ደስ አለህ ልትለው ሄዳ ተመለሰችና ልብስ ማጠብ ጀመረች። «እኔን ረሱኝ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ሮጬ እንሰቱ ሥር ብቆፍር ዝናቡ ወረቀቱን ገንፎ አድርጎታል። ዱላ ፈርቼ ዝም አልኩ። እሷም አገሩ ረስቶኛል ብላ አረጀች።

ዘንድሮ ሽልማት ያልደረሳቸው ዘማቾች ይመዝገቡ ተባለና ሆሳዕና ወሰድኳት። ወጣቱ ጸሐፊ የድሮውን መዝገብ ገልጦ «እናቴ፣ ተጠርተው አልቀረቡም ይላል» አላት።

«እኔ? ማንም አልጠራኝም እኮ ልጄ።» ወደ እኔ ዞረች። «ዓይኔ ደክሟል፤ አቤቱታውን አንቺ ጻፊልኝ።»

ጻፍኩላት። «ጥሪው አልደረሰኝም» ይላል፤ ውሸት የለበትም። የምትፈርምበትን ቦታ በጣቴ አሳየኋት፤ ስለ ፖስታው ግን አልነገርኳትም። ያኔ ዝም ያልኩት ዱላ ፈርቼ ነው። ዛሬ የሰባ ዓመት ሴት አትመታኝም። ምን እንደምፈራ ግን እኔም አላውቀውም።