ለመርከብ እራት የሚለበስ

የአክስቴ ልጅ የነገረችን ቲኬቱን ቆርጣ ከጨረሰች በኋላ ነው። ከሳን ፍራንሲስኮ ተነስቶ ወደ አላስካ የሚሄድ የመዝናኛ መርከብ፣ ለሦስት ሰው፤ ለእናቷ፣ ለእሷና ለእኔ። እኔን የጨመረችኝ "ማሚን የሚያስቅ ሰው ያስፈልጋል" ብላ ነው። ያን ሰሞን ሄይዋርድ ከተማ የነበረኝን የመጋዘን ሥራ ለቅቄ ኦክላንድ ውስጥ ለሰው ቤት ምግብ አደርስ ስለነበር ፈቃድ የምጠይቀው አለቃ አልነበረኝም። ስልኬን ማጥፋት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

የመርከቡ ደንብ በሙሉ ስልክ ላይ አለ። ከሁሉም አብልጬ የወደድኩት ስለ እራት አለባበስ የሚያወራውን ክፍል ነው። ቁምጣ ቀን ይቻላል፣ ለእራት አይቻልም። ነጠላ ጫማ መዋኛው ጋ ይቅር። ሁለት ምሽት ደግሞ "ፎርማል ናይት" ነው፤ ሰው ሁሉ ሠርግ እንደተጠራ ሆኖ ይመጣል። እኔ ደግሞ በሥራዬ ምክንያት ብዙ በር ሲከፈት አይቻለሁ፤ ሰው እራቱን ምን ለብሶ እንደሚበላ በደንብ አውቃለሁ። በፒጃማ፣ በፎጣ፣ አንዱማ የዋና መነጽሩን እንዳደረገ ነው ሩዙን የተቀበለኝ። ስለዚህ ለእራት ብሎ ከረባት የሚያስር ሕዝብ በአንድ መርከብ ላይ ይሰበሰባል ሲባል ለማየት ቸኮልኩ።

የቀረው የአክስቴ ነገር ነበር።

እትዬ ነው የምላት። ባሏ ካረፈ ሁለተኛው ሙት ዓመት አልፏል፣ እሷ ግን ከሏን አላወለቀችም። ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሹራብ፣ ጥቁር ሻሽ። በመጀመሪያው ሙት ዓመት የማኅበር ጓደኞቿ ተሰብስበው ሊያወልቋት ተቀጥሮ ነበር። አንዷ ሺፍት ገባች፣ አንዷ አገር ቤት ሄደች፣ የሌላዋ ልጅ ታመመ። "በሚቀጥለው ቅዳሜ" እየተባለ ቅዳሜው እየሸሸ ሄደ፣ ከዚያም የሚያነሳው ጠፋ። እትዬ ሳን ሆዜ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን ቤት ነው የምትሠራው። እዚያ የደንብ ልብሷን ትለብሳለች፤ ከሥራ ስትወጣ መኪናዋ ውስጥ ጥቁር ሹራቧን ትደርባለች።

እኛ ልጆቹ ነገሩን በምናውቀው መንገድ ያዝነው። ቀሚስ መግዛት ጀመርን። የአክስቴ ልጅ እዚያው ሳን ሆዜ አጠገብ ካምቤል ካሉት ሱቆች መጀመሪያ ግራጫ አመጣች፤ ከጥቁር ቀስ ብሎ ለመውጣት ጥሩ ነው ብላ። ከዚያ ጥቁር ሰማያዊ አመጣች። ከዚያ የወይን ጠጅ ቀለም። እያንዳንዱን እናቷ አልጋ ላይ በጥንቃቄ ትዘረጋና "ማሚ፣ ከፈለግሽ ብቻ ነው፣ ኦኬ? ኖ ፕሬሸር" ትላለች። እትዬ ጨርቁን በጣቶቿ ፈተግ ታደርገዋለች፣ ጠርዙን ገልብጣ ስፌቱን ታያለች፣ "እጅሽ ይባረክ" ትላለች፤ ቀሚሱም ቁም ሳጥን ይገባል።

የእኔ ተራ ሲደርስ ኦክላንድ ከሚገኝ የአሮጌ ልብስ መሸጫ አንድ ብርቱካንማ ቀሚስ አገኘሁ። እጅጌው ረጅም ነው፣ እስከ ቁርጭምጭሚት ይወርዳል፤ ቀለሙ ግን ዓይን ያስጨፍናል። የአክስቴ ልጅ ስታየው ሶፋው ላይ ወደቀች።

"ኦ ማይ ጋድ! የመንገድ ሥራ ኮን!" መኪና እንዳያልፍ መንገድ ላይ የሚደረደረውን ብርቱካንማ ሾጣጣ ማለቷ ነው።

"መርከቡ ከሰጠመ ቶሎ ያገኙናል" አልኳት።

እትዬ ከሌሎቹ ይልቅ ይኼኛውን ረዘም አድርጋ አየችው።

"ማን ነው ይኼን የሚለብሰው?"

"አንቺ ነሻ፣ እትዬ። ከፈለግሽ።"

"ህም" አለች። ቁም ሳጥን ገባ።

ለጉዞው ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ሳን ሆዜ እሷ ቤት ሄጄ ሌላ ዘዴ ሞከርኩ። የመርከቡ ደንብ ያስገድዳል ብዬ ላስፈራራት አስቤ ስለ ፎርማል ናይት የሚለውን ገጽ ከፈትኩላት። ገና ሳልናገር ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ፎቶውን አየች። ፎቶው ላይ ያለችው ሴት እስከ መሬት የሚደርስ ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች። ባልየውም ጥቁር ሱፍ ለብሷል። ከኋላቸው የቆሙት ሰዎችም ጥቁር በጥቁር ናቸው።

እትዬ ከት ብላ ሳቀች። "እሰይ! እነዚህ በደስታቸው ቀን ከል የሚለብሱ ከሆነ እኔን ምን አስቀየረኝ? እንዲያውም ቀድሜያቸዋለሁ!"

የአክስቴ ልጅ በዓይኗ ልትበላኝ ደረሰች። "ናይስ ጆብ" አለችኝ።

መርከቡ የተነሳው ፀሐይ ባለበት ቀን ነበር። የመጀመሪያው ምሽት እራት ተራ እራት ስለነበር ሰው እንደነገሩ ለብሶ መጣ፤ እትዬ እንደ ወትሮዋ በጥቁር። እኛ የተመደብንበት ጠረጴዛ ላይ አንዲት የኦክላንድ እናት ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘን። ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው፣ ዕድሜያቸው ከእትዬ በጣም ይበልጣል፤ ላባ ያለበት ሐምራዊ ኮፍያ ደፍተዋል። ቤታቸው ኦክላንድ መሐል ካለው ሐይቅ አጠገብ ነው፤ የሌላ ሰው ምግብ ይዤ በየቀኑ የማልፍበት መንገድ። እትዬን ከላይ እስከ ታች አዩአትና በእንግሊዝኛ "ሲስተር፣ ባልሽ ካረፈ ስንት ጊዜው ነው?" አሏት።

እትዬ ሹካዋን አስቀመጠች። "እንዴት አወቁ?"

"ጆሮሽ ላይ ጌጥ የለም" አሉ። "ጥቁር ሁሉም ሰው ይለብሳል። ጌጥ የሚተወው ግን ያዘነ ነው። እኔም ቀብሬያለሁ።"

ከዚያ በኋላ እኛን የሚያናግረን ጠፋ። ሁለቱ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን መዘምራንና ስለ ዓሣው ጨው ማነስ ሲያወሩ አመሹ። ስንነሳ እትዬ በአማርኛ "ይቺስ ሰው ናት" አለችኝ። እሷ እንዲህ የምትለው ለሁሉም አይደለም።

በማግስቱ ፎርማል ናይት ነበር። ለሦስታችን የተሰጠን ክፍል አንዷ ካልተቀመጠች ሌላው የማይቆምባት ነበረች፤ የእኔ አልጋ ከጣሪያው ተስቦ የሚወርድ ነው። ከጓደኛዬ የተዋስኩትን ጥቁር ሱፍ በሰደርያ ለብሼ ለእነሱ ቦታ ለመልቀቅ ኮሪደር ወጣሁ። ሊፍቱ ጋ ስደርስ አንዲት ዕንቁ ያደረገች ወይዘሮ ባዶ ብርጭቆዋን በእጄ አስቀምጣ "ሌላ አንድ፣ ፕሊስ" ብላኝ ዞረች። አለባበሴ ከአስተናጋጆቹ አይለይም ማለት ነው። እጅ ነሥቼ ሄድኩና አመጣሁላት። በጣም አመሰገነችኝ፤ እኔም በጣም ኮራሁ።

ስመለስ የአክስቴ ልጅ በሩን ትንሽ ከፍታ በእጇ ጠራችኝ። እናቷ መታጠቢያ ቤት ናት። ፀጉር መተኮሻ ፍለጋ የእናቷን ሻንጣ ከፍታ ኖሯል።

"ሉክ" አለችኝ በሹክሹክታ።

ጥቁሮቹ ልብሶች ሥር ግራጫው አለ። ሰማያዊው አለ። የወይን ጠጁ አለ። ዋጋ መለያ ወረቀታቸው እንደተንጠለጠለ፣ እያንዳንዳቸው በላስቲክ ተጠቅልለዋል። ከሁሉም በላይ የእኔ ኮን፣ በደንብ ተተኩሶ።

እትዬ ጥቁሯን እንደለበሰች ከመታጠቢያ ቤቱ ወጣችና ሻንጣው ላይ ተደፍተን አገኘችን። አልተቆጣችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ማሚ፣ ሁሉንም ይዘሽ መጥተሻል! ሶ ዩ ዋንት ቱ ዌር ዜም!"

"ታዲያ ማን ልበሺ አለኝ?"

"እኔ! መቶ ጊዜ ነግሬሻለሁ! ከፈለግሽ ልበሺ፣ ከፈለግሽ..."

"እንግዲህ!" አለች እትዬ እጇን አጨብጭባ። "ከፈለግሽ! ከፈለግሽ ተብሎ ከል ይወልቃል? ሰው በገዛ እጁ ያወልቃል? አሁን እኔ ተነስቼ ብርቱካን ብለብስ ሰው ምን ይላል? ባሏን ረሳችው! ትልቅ ሰው መጥቶ፣ በቃሽ ብሎ፣ ተቆጥቶ፣ ጎትቶ ነው የሚያወልቅ። እናንተ አልጋ ላይ ጥላችሁ ትሄዳላችሁ፤ እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ ዛሬ ያዝዙኛል፣ ነገ ያዝዙኛል..."

እኔ የታየኝ የእትዬ የሥራ ቦታ ነው። አንዴ ልወስዳት ሄጄ በእራት ሰዓት አይቻታለሁ። አንዲት አሮጊት በሌሊት ልብሷ ወደ ምግብ አዳራሽ ልትሄድ ስትል እትዬ ትይዛትና "አይሆንም! ተነሽ፣ ቢጫዋን ነው የምትለብሺው፣ ታምርብሻለች" እያለች ታለብሳታለች። ከፈለግሽ የሚል ቃል አልወጣትም። አሮጊቷም እየተነጫነጨች፣ ግን እጇን ወደ እጅጌው እየዘረጋች ነበር።

"ማሚ፣ አሁን እኛ እናውልቅሽ?" አለች የአክስቴ ልጅ።

"እናንተ ልጆች ናችሁ። ትልቅ ሰው ያስፈልጋል።"

"እዚህ መርከብ ላይ ትልቅ ሰው ከየት ይመጣል?"

"ለምን፣ ባለ ኮፍያዋ የሉም እንዴ?" አለች እትዬ፣ መልሱን ቀድማ ያዘጋጀች ይመስል።

ሮጥኩ። ምግብ አዳራሹ ደጃፍ ላይ አገኘኋቸው፤ የዛሬው ኮፍያ ወርቃማ ነው። ትንፋሼ እየተቆራረጠ ነገርኳቸው። ሁለት ዓመት ጥቁር ለብሳለች፣ በእኛ ደንብ በራሷ ማውለቅ አትችልም፣ የሚያዛት ትልቅ ሰው ትፈልጋለች።

"ታዲያ ለምን ቆመናል?" አሉና ምርኩዛቸውን ይዘው ቀደሙኝ።

ክፍላችን ሲደርሱ ሰላምታ እንኳን አላበዙም። "ተነሽ፣ ሲስተር። በቃ።" እትዬ ተነሳች። ቀሚሶቹን አንድ በአንድ አነሱ። ግራጫውን "ይኼ ዝናብ ነው"፣ ሰማያዊውን "ይኼ ባንክ ነው"፣ የወይን ጠጁን "ይኼ ለእሑድ ይቀመጥ" አሉ። ብርቱካንማውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው አዩት። ከዚያ "ይኼን ማን ነው የመረጠው?" አሉ። እጄን አወጣሁ። "ዓይን አለህ" አሉኝ። የአክስቴ ልጅ ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

ኮሪደር አስወጡኝ። ከውስጥ መጀመሪያ እትዬ "አይ፣ ተዉኝ፣ ይቅርብኝ" ስትል ተሰማኝ፤ ደንቡ ነው፣ ትንሽ እንቢ ማለት አለባት። ከዚያ "አርፈሽ ቁሚ!" የሚል የኦክላንድ ቁጣ። ከዚያ የሦስት ሴቶች ሳቅ። ስገባ እትዬ በብርቱካን ቆማለች፤ ልጇ የራሷን የጆሮ ጌጥ አውልቃ እያደረገችላት ነው።

ባለ ኮፍያዋ እናት እጃቸውን እትዬ ራስ ላይ ጭነው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጸለዩ። ከግድግዳው ማዶ አንድ የማናውቀው ሰው "ኤሜን!" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ገጣሚ መሆኔን ትናንት እራት ላይ ጣልቃ ገብቼ ነግሬያቸው ነበር። ጉሮሮዬን ጠረግኩና ጀመርኩ።

"ባሕሩ ላይ ስትወጪ፣ ባሕሩ ራሱ..."

"ግጥሙን ተወውና መርቅ" አለች እትዬ።

መረቅኩ። "ዳግም ጥቁር አያስለብስሽ።"

"አሜን።"

"ሐዘን የቤትሽን በር ይሳተው።"

"አሜን፣ አሜን።"

"ለልጅሽ ሠርግ ከዚህ የባሰ ቀለም ያስለብስሽ።"

"አሜን! አሜን! አሜን!"

"ኖ ፕሬሸር!" ብላ ጮኸች የአክስቴ ልጅ።

እራት ላይ የደረስነው ከሁሉም ዘግይተን ነው። አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነበር። ጥቁር ሱፍ፣ ጥቁር ሐር፣ ጥቁር ዳንቴል። በመካከሉ እትዬ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ የባለ ኮፍያዋን ክንድ ይዛ፣ ሳትቸኩል አለፈች። ሰው ሹካውን አንጠልጥሎ አያት። ብርጭቆ ያመጣሁላት ወይዘሮ ወንበር ስስብ አይታኝ ሁለተኛ ልታዝዘኝ እጇን አነሳች፤ አብሬ ስቀመጥ መልሳ አወረደችው።

እትዬ ሾርባዋን ጨርሳ አዳራሹን ረጋ ብላ ቃኘችው። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

"ምስኪኖች" አለችኝ። "እነዚህ የሚያወልቅላቸው ዘመድ የላቸውም?"

ወደ ክፍላችን ስንመለስ አልጋው ተነጥፏል። በየምሽቱ ከፎጣ እንስሳ እየሠራ የሚተውልን የጽዳት ሠራተኛ ዛሬ የሠራው ዝሆን ነው። ወለል ላይ ጥለነው የሄድነውን ጥቁር ቀሚስ አንስቶ በሥርዓት አጥፎ አልጋው መሐል አኑሮታል፤ ዝሆኑን ደግሞ እላዩ ላይ አስቀምጦታል። ኩምቢው ወደ ላይ ተቀስሯል።

የአክስቴ ልጅ ቀሚሱን ሻንጣ ልታስገባ ዝሆኑን ልታነሳ እጇን ዘረጋች።

"ተዪው" አለች እትዬ፣ የጆሮ ጌጡን በመስታወት እያየች። "ይቀመጥበት።"