የተመሰከረለት ማርሚታ

ባሌ በማርሚታ ምክንያት ሽማግሌ ሰደደብኝ ብዬ ብጀምር የሚስቅብኝ ሰው አይጠፋም። ይሳቅ። ማርሚታ ከመኪና ሆድ ስር ተጋድሞ የሞተሩን ጩኸት የሚውጥ፣ ጭሱን ወደ ኋላ የሚያስወጣ ነገር ነው። እኔም ከዚያ በላይ ስለ እሱ ለማወቅ ፍላጎት አልነበረኝም። አሁን ግን ስሙ ሲነሳ ደሜ ይፈላል።

ባሌ እዚህ ጁባ የኮንስትራክሽን ድርጅት መሐንዲስ ነው፤ እኔ ሃይ ማላካል ሰፈር ትንሽ ፀጉር ቤት አለችኝ። ዕድሜ ልኩን ሲመኛት የኖረችውን፣ ከፍ ያለች ግን የስፖርት መኪና ቁመና ያላትን መኪና ከዱባይ አስመጣ። ያገለገለች ናት፣ ግን ታምራለች። እውነቱን ለመናገር እኔም ወድጃት ነበር። ዝናቡ ሳያባራ፣ ንያኩሮን ሰፈር፣ ከቤታችን አለፍ ብሎ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ስትወጣ የፋብሪካው ማርሚታ ድንጋይ መታውና ተጨፈለቀ፤ አንድ ጎኑም ተቀደደ።

ምርጫው ሁለት ነበር። አንደኛው ያንኑ ኦርጂናሉን ማስበየድ፣ እሱ እምቢ ካለ ደግሞ ተመሳሳዩን ከካምፓላ ማስመጣት። ከባድ ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ መኪናዋን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ለእሷ ብለው የሠሩት ነው። ሁለተኛው፣ የወሰድንበት ጋራዥ ባለቤት ከመደርደሪያ አውርዶ ያሳየን፣ ሌላ ፋብሪካ የሠራው ስፖርት ማርሚታ ነው። ቀላል፣ ቧንቧው ሰፊ፣ ጫፉ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ። "ሞተሩ ይተነፍሳል፤ ጉልበት ይጨምራል" አለው ሰውዬው። የባሌ ዓይን ጫፉ ላይ ቀረ።

"ጉልበቱን የት ልታሳየው ነው?" አልኩት። ከቤታችን አማራት ሰፈር ያለው ቢሮው እስኪደርስ ድረስ ቦዳቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ሁሉ እየቀደመው የሚሄድ ሰው ነው።

"አንቺ መኪና አይገባሽም።"

እውነት ነው፣ መኪና አይገባኝም። ጆሮ ግን አለኝ። ሰውዬው ናሙናውን ሌላ መኪና ላይ ሲያሰማን ደረቴ ውስጥ ገብቶ ነበር የተሰማኝ።

እኛ ጴንጤዎች አንድ ነገር ሲከብደን፣ ወይም መልሱን እያወቅን መናገር ስንፈራ፣ "እንጸልይበት" እንላለን። ባሌም እንጸልይበት አለ። ጸለየም። ከዚያ ጌታ በስፖርቱ ማርሚታ ላይ ሰላም ሰጠኝ አለ። ይገርማል፣ ጌታ ሁልጊዜ ባሌ በፈለገው ነገር ላይ ሰላም ይሰጠዋል፤ እኔ በፈለግኩት ላይ ግን ገና ጠብቁ ይላል።

ተገጠመ። ሲነሳ ያገሳል፤ ይኼስ ይሁን። እግሩን ከነዳጁ ላይ ሲያነሳ ግን ከኋላ ጧ! ጧ ጧ! ይላል። ተበላሽቶ አይደለም፣ ሆን ተብሎ እንዲያ እንዲል ተደርጎ የተሠራ ነው። እንደ ጌጥ መሆኑ ነው። ጁባ ውስጥ! ሰው የሠርግ ርችትና ጥይት በጆሮው ሳይለይ የማይተኛበት ከተማ ውስጥ፣ ገንዘብ ከፍሎ ተኩስ የሚመስል ድምፅ መኪናው ላይ የሚያስገጥም ሰው አግብቼ ኖሯል።

ግቢያችን ውስጥ ሁሉም ማማ የሚላት ሴት ትኖር ነበር። ደቡብ ሱዳናዊት ናት፤ በልጅነቷ ከጦርነት ሸሽታ ጋምቤላ፣ ከዚያም አዲስ አበባ አድጋ አገሯ ነፃ ስትወጣ የተመለሰች። አማርኛዋ ከእኔ አማርኛ ይጣፍጣል። አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የምንሄደው። ጁባ እንደመጣሁ ወባ ሲጥለኝ ባሌ ፊልድ ነበር፤ አንሶላዬን እየቀየረች ሾርባ በማንኪያ ያጎረሰችኝ እሷ ናት። በዚህ ከተማ እህት ካለችኝ ማማ ነበረች። የክፍሏ ግድግዳ ደግሞ ባሌ መኪናውን ከሚያቆምበት ቦታ ጋር የተያያዘ ነው።

ማርሚታው በተገጠመ ሰሞን ባሌ ከሥራ ሲገባ እኔ ማማ ጋ ጨው ልዋስ እየሄድኩ ነበር። መኪናው በር ላይ ፍጥነት ሲቀንስ ጧ ጧ አለ። በሯን ገፋ ሳደርግ ማማ የለችም። ቀጥሎ አየኋት። በአልጋውና በግድግዳው መሃል ጉንጯን ሲሚንቶው ላይ ለጥፋ፣ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ተኝታለች። ትንሽ ቆይታ ተነሳች፤ ቀሚሷን አራገፈች።

"ማለሽ" አለችኝ፣ ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ ሆና። "ልማድ ነው። ጨው ነው የፈለግሽው?"

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ እሱ ሲገባ፣ ጠዋት ጠዋት እሱ ሲወጣ፣ ከግድግዳው ወዲያ የሆነ ነገር ዱብ ሲል እሰማለሁ። ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ለባሌ ነገርኩት።

"ትለምደዋለች" አለ።

"የለመደችውንማ ነው የምታደርገው!" አልኩት። ጮኼም ነበር።

በሳምንቱ እሁድ ምስክርነት ያለው ሰው ሲባል ባሌ ተነስቶ ወጣ። ማይክ ያዘ። መኪናዋ እንዴት እንደተሰበረች፣ ሰው ሁሉ ኦርጂናሉን አስጠግን እንዳለው (ሰው ሁሉ ያለው እኔን ነው)፣ እሱ ግን ጌታን ጠይቆ ከጠበቀው በላይ የሆነ ማርሚታ እንዳገኘ መሰከረ። ጉባኤው "አሜን!" አለ። አጠገቤ የተቀመጠችው ማማም "አሜን" አለች። ከሁሉም ያንገበገበኝ የእሷ አሜን ነው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ማርሚታውን አልወደድኩትም ብሎ ያስወርደዋል። እኛ ዘንድ ግን ሕዝብ ፊት ቆመህ ጌታ ሰጠኝ ያልከውን ነገር ፈትተህ ስትጥል ወይ ጌታ ተሳስቷል፣ ወይ አንተ ዋሽተሃል። ባሌ ማርሚታውን የሚፈታበትን መፍቻ በገዛ አፉ ቆለፈበት።

ማማ ሃይ ማላካል ቤት እያየች እንደሆነ የሰማሁት ከደንበኛዬ ነው። ፀጉር እየሠራሁላት "ጎረቤትሽ ልትለቅ ነው አሉ" አለችኝ። ማታ ማማን ስጠይቃት ለገበያ ይቀርበኛል አለች። ማማ ውሸት አታውቅበትም፤ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ ነበር ያወራችኝ። ቤት ገብቼ ባሌን እዚያው በቆመበት ያዝኩት።

"ዛሬውኑ አውርደው። ይቺ ሴት በአንተ ቧንቧ ምክንያት ከቤቷ ልትወጣ ነው።"

"ሕዝብ ፊት መስክሬ? ምን ሊሉኝ?"

"ያሉህን ይበሉህ! ጌታ ማርሚታ አይገጥምም፤ የገጠመው ያ የጋራዥ ሰውዬ ነው!"

ደነገጠ። ቁልፉን አንስቶ ወጣ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች በራችንን አንኳኩ። ለካ ሚስቴ የእግዚአብሔርን ስጦታ ናቀች ብሎ ከሷል። በረንዳ ላይ ተቀመጡ። በንዴት ውሃ እንኳ አላቀረብኩላቸውም፤ ማድረግ የሚገባኝን አውቄ ነው የተውኩት።

አንደኛው ስለ መገዛት፣ ባልን ስለማክበር፣ ጎጆ ስለምታፈርስ ምላስ ረጅም ነገር ተናገሩ። ስለ ማማ ስነግራቸው "ለእህታችን እንጸልይላታለን፣ ፍርሃቱ ይለቃታል" አሉ። ፍርሃቱ የእሷ ጥፋት ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው ደግሞ ገና ከመግባታቸው ጀምሮ ልባቸው መኪናው ላይ ነበር። በመሃል "ለመሆኑ ድምፁ እንዲህ የሚያጣላ ነው? እስቲ እንስማው" ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ባሌ ፊቱ በርቶ ቁልፉን ሰጣቸው። ሽማግሌው ገብተው በሩን ዘጉ። ባሌ የበረንዳው ጫፍ ላይ ቆሞ ፈገግ ብሎ ይጠብቃል።

ማማ ለካ እንግዳ መጥቶ ምንም እንዳላቀረብኩ ከጓሮ ሆና አይታ ኖሯል። እኔን ከነውር ልታወጣኝ ሻይ በፔርሙስ ይዛ በቤቱ ጥግ ዞራ ብቅ ስትልና ሽማግሌው ነዳጅ ረግጠው ሲለቁ አንድ ሆነ።

ጧ! ጧ ጧ ጧ!

ፔርሙሱ ሲሚንቶው ላይ ተከሰከሰ። ማማ ግን ብቻዋን አልወደቀችም። አጠገቧ የነበረው ሰው ባሌ ነው። አንገቱን ይዛ መሬት ላይ ጣለችውና በላዩ ላይ ተኛች። ያንን የሚያህል ወንድ ከሥሯ አድርጋ፣ ጭንቅላቱን በሁለት ክንዷ ሸፈነችው። ሽማግሌው መስኮቱ ተዘግቶ፣ እየሳቁ፣ ደግመው ረገጡት። እሷ ይበልጥ ተጫነችው።

"ያጥፉት!" ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ራሴንም አስፈራኝ። "ያጥፉት!"

ጠፋ። ማማ ቀና ብላ ጀርባውን፣ አንገቱን፣ ፀጉሩን በእጇ ትዳብሰው ጀመር። ደም እየፈለገች ነው።

"አንተ ልጅ፣ ተመታህ? ተናገር እንጂ፣ የት ጋ ነው?"

ማይክ ሲይዝ ማንም የማያስቆመው ሰው እጇ ሥር እንደተደፋ ቀረ። ሻዩ በሸሚዙ ክንድ ሥር እየፈሰሰ ነበር። የመጀመሪያው ሽማግሌ ከወንበራቸው አልተነሱም፤ መሬት መሬቱን ያያሉ። ባሌ በመጨረሻ "ማማ... የኔ መኪና ነው" አላት።

"አውቃለሁ" አለች። "መሬት ላይ ከሆንኩ በኋላ ሁልጊዜ አውቃለሁ።"

ባሌ ሸሚዙን እንኳ ሳይቀይር መኪናውን ጋራዥ ወሰደው። የተቀደደው ኦርጂናል ተበይዶ ተመለሰ። በማግስቱ እሁድ ምስክርነት ያለው ሲባል ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም፤ ማንም ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀውም። እኔም በዚህ አልበረድኩም፤ ንዴቴ እስከ ዛሬ አለ። አንዲት ሴት ስንት ጊዜ መሬት ላይ ተደፍታ ያልገባው ነገር፣ እሱ ራሱ ሲደፋ ገባው።

ማማ ጋ ሮጬ ሄጄ "ወርዷል እኮ፣ አትሂጂ" አልኳት። ልብሷን እያጣጠፈች ነበር።

"ካላስ፣ አበቃ፣ ቤቱን ይዣለሁ" አለችኝ። ከዚያ እጄን ያዘችኝ። "እህቴ፣ መኪናው ድሮ ሲተኩስ መሬት ላይ እተኛለሁ፣ ሲያልፍ እነሳለሁ። አሁን ዝም ብሎ ይገባል። እኔ ግን አሁን ይተኩሳል፣ አሁን ይተኩሳል እያልኩ ከመሬት ሳልነሳ አድራለሁ።"

የፍራሹን አንድ ጫፍ ያዝኩላትና ወደ በሩ ወጣን።